የሰም መስቀልና የቀኝ እጅ ጓንት

ዳንኬርክ አጠገብ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1917

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለባርባ ማልጎርን፤ ዌሳን ደሴት፣ ላምፖል።

ይህች ወረቀት ጉልበትሽ ሳይቆረጥምሽ፣ ምድጃሽ ሳይጠፋ፣ ጎረቤትሽ ፊንም እንደ ልማዷ ካቡ ላይ ተደግፋ ወሬ ስትለቅም ታግኛችሁ። እኔ ከናፍቆትሽና ከዚህ ከሰማይ ብርድ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ «ዌሳን ላይ ተወልዶ መርከብ ትቶ ሸራ የለበሰ ሣጥን ላይ የሚቀመጥ ካንተ በቀር አላየሁም» ብለሽ ተቆጥተሽኛል። እውነትሽን ነው፤ ሣጥን ነው። እንጨት፣ ሸራና ሽቦ። ከፊቴ ሞተር፣ ከሞተሩ በላይ መትረየስ አለ። ሞተሩ የጉሎ ዘይት እየተፋ ፊቴን ያለብሰኛል። በልጅነቴ ሆዴን ባመመኝ ቁጥር አፍንጫዬን ይዘሽ የምታጠጪኝ የጉሎ ዘይት ትዝ ይልሻል? አሁን መንግሥት በነፃ ያጠጣኛል። ከአውሮፕላን እንደወረድን ሁላችንም ወዴት እንደምንሮጥ አልነግርሽም፤ አንቺው ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ልንገርሽና አትቆጪኝ። ባሕሩ ባልሽን በላ። ልጅሽን ፖልን፣ በአንድ ብርድ ልብስ አብሮኝ ያደገውን፣ በላ። አባቴንም በላ። አንቺ የአባቴ የአጎት ልጅ ነሽ እንጂ እናቴ አይደለሽም፤ ግን ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ሬሳው ላልተገኘው ለፖል በሬሳው ፈንታ የሰም መስቀል ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝተሽ ስታለቅሺ አይቻለሁ። ለእኔ እንዲህ እንድታደርጊ አልፈልግም። ሰማይ ላይ የሞተ ቢያንስ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ሰው አግኝቶ ይቀብረዋል።

ይልቅ ጓንት ላኪልኝ። እዚያ ላይ ሲደረስ ጣት የራስ አይመስልም።

ያንቺው፣ ጉልቨን


ላምፖል፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1917

ይድረስ ለልጄ ለጉልቨን። ቅድስት አና ከላይም ከታችም ትጠብቅህ፤ አንተ የት እንዳለህ እኔ ባላውቅ እሷ ታውቃለች።

ደብዳቤህ በማዕበሉ ምክንያት ብሬስት ታግታ ከርማ ትናንት ደረሰች። «መሬት ላይ ይወድቃል» ብለህ ልታጽናናኝ ነው? ኧረ አፍህን! እንዲህ ያለ ማጽናኛ ጠላቴን ያጽናናው። ፊን እያነበበችልኝ—እኔ መነጽሬን ስፈልግ ቀድማ ከፍታው ነው—«ይህ ልጅ ድሮም ምላሱ አያምርም» አለች። በአንተ ብትመጣ አንገቷን አንቃለሁ፤ ግን በዚህስ እውነቷን ነው።

ትናንት የበግ መለያ ቀን ነበር። ክረምቱን ደሴቱን ሲዞሩ የከረሙትን ሁሉ ሰብስበን ጆሮ ጆሯቸውን እያየን ተከፋፈልን። ፊን አንዱን ጠቦቴን «የኔ ነው» ብላ ድርቅ አለች። ጆሮውን ይዤ «ይኸው ምልክቴ! ዓይንሽን ምን በላው?» ስላት አፈረች። ማታ ግን አፈር ውስጥ ተዳፍኖ የበሰለ የበግ ወጥ ይዛ መጣችና አብረን በላን። አንተ የምትወደው ዓይነት ነበር፤ ድንቹ የጭስ ሽታ የያዘ። ሆዴ ባባና ድርሻህን ለድመቷ ሰጠሁ።

ጓንቱ ይኸው። ሱፉን ቅባቱ ሳይለቀው ነው የፈተልኩት፤ ይሸታል ብለህ እንዳትጣላኝ። ባሌም ፖልም የሚያደርጉት እንዲህ ያለውን ነበር፤ ውሃ አያሳልፍም። የቀኙን ጥብቅ አድርጌ ሠርቼዋለሁ። አንተ ልጅ ሆነህም የምትጥለው ሁሌ የቀኙን ነው። ብትጥለው ወዮልህ!

የምትወድህ፣ ባርባ


ቤልጂግ፣ ከሆስፒታል፣ ማርች 18 ቀን 1917

ይድረስ ለአክስቴ ለባርባ። ጤና ይስጥልኝ፤ ረጅም ጤና።

አክስቴ፣ ጓንቱን ጥዬዋለሁ። የቀኙን። ወዮልህ ብለሽኝ ነበር፤ ቁጣሽን ከመጀመርሽ በፊት ግን እንዴት እንደሆነ ስሚኝ።

ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ጠዋት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ወጣን። እሱ ሞተሩ አስቸግሮት ተመለሰ፤ እኔ ልመለስ ልቀጥል ስል ጀርመኑ ከፀሐይ ውስጥ ወጣ። አላየሁትም። ሸራ ሲተረተር ነው የሰማሁት፤ ጨርቅ ሻጭ ይመስል። ዞር ስል ከኋላዬ ነው። ቁልቁል ወረድኩ፣ ተጠማዘዝኩ፣ እሱም አለ። እንደምንም ዞሬ መትረየሴን ስስበው አንዴ ጮኸና ጥይት ነክሶ ቀረ። በቡጢ ብመታውም ወይ ፍንክች።

ከዚያ ጉልበቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ፈሰሰ። ቤንዚን። መያዣውን በስቶታል፤ ከፊቴ ደግሞ የጋለ ሞተር። አክስቴ፣ እዚህ ማናችንም የምንፈራው መውደቅን አይደለም፤ እሳትን ነው። ፈራሁ። እናቴን ስለማላውቃት አንቺን ጠራሁ።

ጀልባ ሲያፈስ ምን ይደረጋል? የተገኘው ነገር ይወተፋል። የቀኙን ጓንት በጥርሴ አውልቄ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩትና በመዳፌ ደግፌ ያዝኩት። ያ ቅባቱን ያላጠብሽው ሱፍ ያዘ! ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይፈስም። እንዲህ ይዤ በግራ እጄ እየነዳሁ ወደ ባሕሩ በረርኩና ደመና ውስጥ ተደበቅኩበት። ጀርመኑ ትንሽ ፈልጎኝ ሄደ መሰለኝ፤ ስወጣ የለም። ቤንዚኑም አለቀ፤ ሞተሩ ጸጥ አለ። ከበታቼ ባሕር ብቻ። «አይ ጉልቨን፣ ሸሽተህ ሸሽተህ እዚሁ መጣህ» አልኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነት ነው።

ነገር ግን ወደ ዳርቻው ሳይ ባሕሩ እንደ ዕለት ልማዱ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ አሸዋው ተገልጧል። ካንቺ ጋር ዛጎል ስንለቅም ያስተማርሽኝን አስታወስኩ፤ የሚያብለጨልጨው አሸዋ ይውጣል፣ ሽንሽን ያለው ይሸከማል። ሽንሽኑን መርጬ አሳረፍኩት። ሊቆም ምንም ሳይቀረው አንዱ ጎማ ጉድጓድ ገባና ተገለበጥን። በቀበቶዬ ቁልቁል ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ልፈታው ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ባሕሩ ደግሞ መመለስ ጀመረ። ሁለት የቤልጂግ ወታደሮች በሳንጃ ቆርጠው ሲያወርዱኝ ፀጉሬ ውሃ ነክቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትኩሳት ነው። በትኩሳቱ ስለፈልፍ የነበረው ሁሉ በብሬቶንኛ ነበር አሉኝ። እዚህ ቋንቋችንን የሚሰማ የለም፤ ካፖርቴን ቀደው ሲጥሉት ወረቀቶቼም አብረው ሄደዋል። ሲስተሮቹ ግራ ቢገባቸው አልጋዬ ላይ «አገሩ ያልታወቀ» ብለው ለጠፉብኝ። ዐዋቂ ነን የሚሉ እየመጡ አንዱ አይሪሽ ነው፣ አንዱ ሩስያዊ ነው ሲሉ ከርመዋል። አውሮፕላኔን ባሕሩ ወስዶታል፤ እኔን ግን አልወሰደኝም።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ተኝቼ ስለምጽፍ ነው። ጓንት ግን ከእንግዲህ አትላኪልኝ፤ መንግሥት የቆዳ ይሰጠናል።

ያንቺው፣ ጉልቨን


ላምፖል፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1917

ጉልቨን ነኝ ብሎ ለጻፈልኝ ሰው፤ ማንም ብትሆን የእግዚአብሔር ሰላም ካንተ ጋር ይሁን።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ ለከንቲባው ቴሌግራም መጣለት። አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ተገኝቷል፣ ሰውየው የለም ይላል። እኛ ደሴት ላይ እንዲህ ያለ ቃል ትርጉሙ አንድ ነው። ሲመሽ የልጄ የክርስትና አባት ሽማግሌው ሳላውን መስኮቴን አንኳኳ። መስኮት ሲንኳኳ እኔ ድምፁን ዐውቀዋለሁ። «ባርባ ልጄ፣ ዛሬ እዚህ ቤት ፕሮኤላ አለ» አለኝ። ሌላ አላለም፤ ሌላ አይባልም። ፕሮኤላ ማለት ባሕር ላስቀረው ሰው የሰም መስቀል አስተኝቶ የሚታደርበት ለቅሶ ነው፤ አገሬው ካልሆንክ እንድታውቀው ነው የምነግርህ።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ። መስቀሉን በገዛ እጄ ሠራሁት፤ ጣት የምታህል ናት። ፊን እንዲያ ምላሷ የማያርፈው «ጉልቨኔ፣ ምላስህ ያምር ነበር፣ እኔ ነኝ ክፉ» እያለች ደረቷን ስትደቃ አደረች። ጠዋት ሳላውን መስቀሏን ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳት፤ ጸሎት ተደረሰ፤ ሌሎቹ መስቀሎች ያሉበት ሣጥን ገባች። ሰማይ ተደፋብኝ። ልጄን ቀብሬ ተመለስኩ።

አሁን ያንተ ደብዳቤ መጣ። ጽሕፈቱ የልጄ አይደለም። የሱ ፊደል ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ይህ እንደ ሰካራም ወደ ግራ ይወድቃል። የጓንቱን ነገርም ቢሆን ከመሞቱ በፊት ለሰው አጫውቶት ይሆናል። ለአሮጊት አዝነሽ የጻፍሽ ሲስተር ከሆንሽ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ተይኝ። ሁለት ጊዜ ልቀብረው አልችልም።

ልጄ ከሆንክ ደግሞ ይህን ንገረኝ። የበጎቻችን የጆሮ ምልክት ምንድን ነው? መጀመሪያ ቢላዋ የሰጠሁህ ቀንስ ምን ሆንክ?

ባርባ ማልጎርን


ከሆስፒታል፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1917

ተዝካሬን በቁሜ ላወጣችሁልኝ ለአክስቴ ለባርባና ለፊን፤ እጅግ የከበረ ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረሳችሁ። አለሁ።

የግራ ጆሮ ጫፉ ይቆረጣል፤ የቀኙ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። ቢላዋውን የሰጠሽኝ ቀን ጠቦቱ ሲጮህ እኔም አብሬው ጮህኩ። ቢላዋውን ወርውሬ ጠቦቱን አቀፍኩና «የሱን ተይና የኔን ጆሮ ቁረጪ» አልኩሽ። አንቺም «ያንተ ጆሮ ምን ያደርግልኛል? አንተን ምልክት ሳላደርግብህም ዐውቅሃለሁ» አልሽኝ። ከዚያ አፍንጫዬን በሽርጥሽ ጠረግሽው፤ ሽርጡ የሽንኩርት ሽታ ነበረው። ይህን ሲስተር ትፈጥረዋለች?

ደብዳቤሽን ለአጎራባች አልጋዎች አነበብኩላቸውና ስንስቅ ዋልን። «ከራሱ ቀብር የቀረ ሰው» እያሉ ይጠሩኛል። ሲመሽ ግን ሳቁ የለም። ዓይኔን ስከድን ያቺ ጣት የምታህል መስቀል ትታየኛለች፤ ስሜ ከሙታን ጋር በአንድ ሣጥን ተዘግቶበት ሳለ እንዴት እንደምተነፍስ ግራ ይገባኛል። እንደ ጅል እንዳትቆጥሪኝ፤ የዌሳን ልጅ ነኝ። አክስቴ፣ በሞቴ፣ አውጪልኝ።

ያንቺው፣ በእውነት ያንቺው፣ ጉልቨን


ላምፖል፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1917

ለልጄ፣ ለጉልቨኔ፣ ለዓይኔ! የሰጠኝን መልሶ የሰጠኝ አምላክ ይመስገን፤ ከዚህ በላይ የምለው ሰላምታ የለኝም።

እሰይ! እሰይ! ደብዳቤህን ይዤ በባዶ እግሬ እስከ ወደቡ ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ እንጃ፣ መርከብ እንኳ አልነበረም። ፊን ደግሞ «ያፈሰስኩትን እንባ ይመልስልኝ፣ ለሌላ ሰው እፈልገዋለሁ» ትልሃለች። ከዚያ ሽርጧን ፊቷ ላይ ደፍታ አለቀሰች።

ቄሱ ዘንድ ሄጄ «መስቀሉን ስጡኝ» አልኳቸው። ጢማቸውን እያሹ «ባርባ፣ ጸሎት የተደረሰበት መስቀል ከዚያ ሣጥን ወጥቶ አያውቅም። እኔ በምን ሥልጣኔ? ባለቤቱ ራሱ ይምጣና በእጁ ያንሳ» አሉኝ። ነገሩ ደግሞ ጊዜ የለውም። ለጰራቅሊጦስ ጳጳሱ ይመጣሉ፤ እሳቸው ሲመጡ በሣጥኑ ያሉት መስቀሎች ሁሉ መቃብር ቦታ ወዳለው የድንጋይ ቤት ይገባሉ፤ ድንጋዩ ይዘጋል። ባሌና ፖል ያሉት እዚያ ነው። ከዚያ የወጣ የለም።

ስለዚህ ፈቃድ ጠይቅና ና። ቀኝ እጅህን ሰደህ አንሳትና ይብቃን። ደግሞ ንገረኝ፣ አሁንም ተኝተህ ነው የምትጽፈው? ፊደልህ ዛሬም ወደ ግራ ይወድቃል።

እናትህ ባልሆንም፣ ባርባ


ፖ፣ ሜይ 14 ቀን 1917

ይድረስ ለአክስቴ ለባርባ። ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ።

ፈቃድ አይሆንም አሉ። ወደ ደቡብ፣ እዚህ ፖ ከተማ አዛውረውኛል፤ ልጆች መብረር አስተምራለሁ። ወደ ውጊያው አልመለስም፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ደስ ይበልሽ ብቻ።

ቆይ፣ ልዋሽሽ አልችልም። ፈቃዱን ሰጥተውኝ ነበር። ጣቢያው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ወደቡ ላይ ፊን ቆማ፣ ሴቶቹ ሁሉ ቆመው፣ አንቺም ቆመሽ ስታዩኝ ታየኝ። መምጣት አቃተኝ። እንደነበርኩ አስቢኝ፣ አክስቴ። መስቀሉ ሰም ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ ይግባ። ምን ያደርገኛል።

ጓንት አትሥሪልኝ ብዬሻለሁ፤ እንዳትሠሪ።

ጉልቨን


ላምፖል፣ ሜይ 30 ቀን 1917

ይድረስ ለልጄ ለጉልቨን። ዕድሜህን ከኔ ዕድሜ ላይ ቀንሶ ያርዝምልህ፤ እኔ ከእንግዲህ ብዙም አልፈልገው።

ጳጳሱ መጡ። ዝናብ ይዘው መጡ፣ ዝናብ ሲመታን ዋለ። ሣጥኑ ሲከፈት እኔ ፊት ነበርኩ፤ በክርን ገፍቼ ነው የደረስኩት፣ ፊንም ከኋላ ትገፋኝ ነበር። ያንተ መስቀል ከሁሉ በላይ ነበረች። የባሌን እንዲህ ቆሜ ሸኝቻለሁ። የፖልን እንዲህ ቆሜ ሸኝቻለሁ፤ ዝም ብዬ። በዚህኛው ግን እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሄደና አነሳት።

«ባርባ!» አሉ ቄሱ።

«ይህ ልጅ አልሞተም» አልኳቸው። «እኔ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው አልቀብርም። ሁለቱን ሰጥቻለሁ፤ ይህን አልሰጥም።»

ጳጳሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጆሯቸውም ከባድ ነው። ጎንበስ ብለው «ልጅሽ ነው?» አሉኝ። «አይደለም፣ የአጎቴ የልጅ ልጅ ነው» አልኩ። ቀጥሎ አፌ «ነው፣ ልጄ ነው» አለ። እሳቸውም «በይ ዝናቡ በረታ፣ እንቀጥል» ብለው ወደ ድንጋዩ ዞሩ። መስቀሏን በሽርጤ ጠቅልዬ ቤቴ ገባሁ። አሁን ከዱቄቱ ዕቃ ጎን ተቀምጣለች። ስትመጣ አቅልጣት፣ ስበራት፣ የፈለግከውን አድርጋት። ያንተ ናት። እስከዚያ ግን ተኛ፤ ስምህ ከሙታን ጋር የለም።

አሁን ስለ ሌላው። ጉልቨን፣ እኔ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ነኝ። እርጥብ እጅ በነፋስ ምን እንደሚሆን አንተ ሳትወለድ ዐውቀዋለሁ። ቤንዚን የነካው ባዶ እጅ ያንን ሁሉ መንገድ በሰማይ ብርድ ከተጓዘ ምን እንደሚቀረው ማሰብ አያቅተኝም። ጓንት ላኪ ስትለኝ የኖርክ ልጅ «አትላኪ» ካልከኝ ጊዜ ጀምሮ እጅህን ጠርጥሬያለሁ። ለሲስተሮቹ ጻፍኩላቸው። አዎ፣ ከጀርባህ ጠየቅኩ፤ ይቅርታም አልጠይቅህም። ከቀኝ እጅህ የተረፉት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ብቻ ናቸው አሉኝ። ብቻዬን ሆኜ ዋይ ዋይ ብያለሁ፤ ያ ለቅሶ ግን አልቋል፣ ወደ አንተ አይመጣም።

በልጅነትህ «ምልክት ሳላደርግብህም ዐውቅሃለሁ» ብዬህ ነበር። ዋሸሁህ፣ ልጄ። ደብዳቤህ በእጄ ላይ ሆኖ አላወቅኩህም፤ እንደ ባዕድ በግ የጆሮ ምልክት ጠየቅኩህ። አሁን ግን ምልክት አለህ። ከዚህ አገር በጎች ሁሉ መሃል ብትገባ የኔ ነህ፤ ፊንም አትከራከረኝም። ወደቡ ላይ ቆሜ እጅህን ቀድሜ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሌላው ከፈለገ ይይ።

በዚህ እሽግ ውስጥ አዲስ ጓንት አለ። አትሥሪ ብትለኝም ሠራሁ፤ መቼ ሰምቼህ ዐውቃለሁ? ሱፉ ያው ቅባቱ ያልታጠበው ነው። የግራው ሙሉ ነው። የቀኙ አውራ ጣትና ሌባ ጣት አለው፤ የቀረውን ደፍኜዋለሁ፣ ነፋስ አያስገባም። ለካው። ከጠበበህ እፈታዋለሁ፤ ከሰፋህም እፈታዋለሁ። በፖስታ ግን አትመልሰው። አድርገኸው ና።

የቀኙን ብትጥለው ወዮልህ።

እናትህ ባርባ